«ይሄን በማየት ደመወዝ አለ?» የዱር እንስሳት ክበባችን ዓመት

ክበባችን ልጆችን ከጥናት ያዘናጋል የሚሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። በክበቡ ምክንያት ውጤቱ የወረደበት አንድም አባል የለም፤ የክፍል ኃላፊዎችን መጠየቅ ይቻላል። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበናል፣ በሰልፍ ላይ ስለ ውሻ ክትባት ተናግረናል፣ ችግኝ ተክለናል። ይኼ በዚህ ይብቃና መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ጥብቅ ቦታ ልውሰዳችሁ።

ጥር ላይ ነው የሄድነው። ከመሐል ሜዳ ሩቅ አይደለም፣ ግን ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ረግጠውት አያውቁም ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ እንዳለ ደረስን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር ይነጫሉ። በመሃላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ እያለ ያልፋል፤ አንዳቸውም አልሸሹም። ልጆቹ ተገረሙ። ላስረዳ አፌን ስከፍት አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ቀደመኝ፤ ክፍል ውስጥ ስሙ ካልተጠራ የማይናገር ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ ግልገሎቹን አይነካም። የሚፈልገው አይጥ ነው። ጭላዳ ካለበት ቶሎ ይይዛል፤ በግ ስጠብቅ ሁሌ አየዋለሁ።»

እዚያው ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ለብዙ ጊዜ ተቀምጠው ያጠኑት ልጁ ያለውን ነገር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናታቸው ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህል ነው፤ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲሆን ግን ወደ 67 በመቶ ይደርሳል። ይሄን ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ታዲያ ሰዎቹ ደመወዝ አላቸው? ይሄን በማየት?» አለኝ። አዎ ስለው ፊቱ ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። በበግ ጠባቂነቱ ሲያፍር የኖረ ልጅ ነው።

ለወላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዱር እንስሳት ባለሙያነት የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ መዞር ብቻ አይደለም። እንስሳትን መቁጠር፣ በሽታቸውን መከታተል፣ ቁጥሩን በስታትስቲክስ መተንተን፣ ከዚያ ከገበሬው ጋር ስለ ግጦሽና ስለ እንጨት ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት። ወንዶ ገነት ያለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርቱን ይሰጣል። ስለ ግጦሽና ስለ እንጨት መነጋገሩን ደግሞ የመንዝ ሰው ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት እየዘጉ፣ በጊዜው እየከፈቱ ሣሩን ያቆዩት በዚህ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ ያደጉት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ አንድ ጊዜ ከገባ መንጋውን ይጨርሳል። ስለ ክትባት በሰልፍ ላይ የጮኽነው ለዚህ ነበር።

ያልተሳካም አለ። ወደ ወፍ ዋሻ ደን ያቀድነው ጉዞ ቀርቷል፣ የመኪና ኪራይ አላገኘንም። ጓሳም ላይ አንድ መነጽር ለሁላችን ነበር፤ ተራ ሳይደርሳቸው ቀበሮው የሄደባቸው ልጆች አሉ። ለኳስ ውድድር መኪና እንደተገኘ ሁሉ ለዚህም ሊገኝ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ያየውን በደብተር መመዝገብ ጀምሯል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ጭላዳ፣ ውሻ አብሮ ነበር ወይ። አንዱን ደብተር ጨርሶ ሁለተኛውን ገዝቼለታለሁ። መነጽር ግን በእኔ ደመወዝ አይሆንም። መርዳት የምትፈልጉ ከባዮሎጂ ላቦራቶሪ አጠገብ ታገኙኛላችሁ፣ ክረምቱንም እዚሁ ነኝ።