ለኦምዱርማን ማዕድ ቤቶች የወር መዋጮ እንጀምር

ወገኖች፣ በተለይ በሱዳን በኩል አልፋችሁ እዚህ ዋሽንግተንና ዙሪያዋ የገባችሁ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የጄኔራል ቡርሃን የመንግሥት ጦርና የጄኔራል ሄሜቲ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል መታኮስ ከጀመሩ ወዲህ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ትልልቆቹ ድርጅቶች መግባት ባቃታቸው ሰፈር ሕዝቡን ያበላው የሰፈሩ ወጣት ነው። ተኪያ የሚሏቸውን የጋራ ማዕድ ቤቶች የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባቄላው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ሲነጋ በትልልቅ ድስት ይጣዳል፣ ልጆች ባልዲና ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ከረፋዱ ጀምሮ ይሰለፋሉ። ለብዙ ቤተሰብ የቀኑ ምግብ እሱ ብቻ ነው።

የእነዚህ ማዕድ ቤቶች ትልቁ ድጋፍ ከአሜሪካ መንግሥት ይመጣ ነበር። ጥር 2017 ላይ ፕሬዝዳንት ትራምፕ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም ብለው ሲፈርሙ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1,100 በላይ ማዕድ ቤቶች ተዘጉ። ከነጋዴ በዱቤ እህል እየወሰዱ የቀጠሉም ነበሩ፣ ዱቤ ግን እስከ መቼ ያዘልቃል? ከ500 ቀን በላይ ተከባ ቆይታ ጥቅምት 2018 በፈጥኖ ደራሹ ኃይል በተያዘችው የዳርፉር ከተማ ኤል ፋሸር ደግሞ የሚበስል ነገር ሲጠፋ ሰው አምባዝ በልቷል፤ አምባዝ ዘይቱ የተጨመቀለት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነው፣ የከብት መኖ።

የመንግሥትን ቦታ በኪሳችን እንተካ እያልኩ አይደለም። አንችልም። የተባበሩት መንግሥታት በ2025 እ.ኤ.አ. ለሱዳን ብቻ የጠየቀው 4.2 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ ይህ በዕድር መዋጮ የሚሞላ ቀዳዳ አይደለም። ስለዚህ ለምክር ቤት ተወካያችሁ ደውሉ፣ ግብር ከፋይ ናችሁ፣ የሱዳን እርዳታ ይመለስ በሉ። የኮንግረስ ነገር ግን ወራት ይፈጃል፣ ምሳ ደግሞ የዛሬ ጉዳይ ነው።

ካርቱም ውስጥ ካሻ፣ ማለትም ስደተኛ ላይ የሚደረገው የፖሊስ አፈሳ፣ ያስመረረው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ እውነቱን ነው። ግን በ1977ቱ ረሃብ በእግራቸው ምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ የደረሱ ወገኖቻችን ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ተጠልለዋል። በ2013 ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ የተሻገረውን ከ60,000 በላይ ሕዝብም ድንበር ላይ ያሉ ድሃ ገበሬዎች ካላቸው ቆርሰው ተቀብለውታል። ዛሬ ተሰልፈው ባልዲ የያዙት የእነዚያው ሰዎች ወገን ናቸው። ውለታ አለብን፣ ትልቅ ውለታ።

ያሰብነው ይህ ነው። እያንዳንዳችን ለስድስት ወር በየወሩ 20 ዶላር እናዋጣ፣ ገንዘቡ ካርቱም አጠገብ ባለችው ኦምዱርማን ለሚገኙ ሁለት ማዕድ ቤቶች ይሂድ። ሁለቱም ውስጥ የሚሠሩት ከመካከላችን ያሉ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን በቅርብ የሚያውቋቸው ልጆች ናቸው። እዚያ ጥሬ ገንዘብ እንደ ልብ ስለማይገኝ ባቄላውም ምስሩም ዘይቱም የሚገዛው በስልክ፣ ባንካክ በሚባለው የባንክ መተግበሪያ ነው፤ የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ይላክልናል፣ እኛም ለሁሉም አዋጪ እናሳያለን። ደረሰኝ ያልመጣበት ወር ካለ ቀጣዩ አይላክም።

አዋጪዎችን የሚመዘግቡት ልጆች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደግሞ በመስጊዱ በር ይቆማሉ። 20 የሚከብደው 5 ይስጥ፣ ተማሪ ከሆናችሁ ስልክ በመደወሉና ደረሰኝ በመመዝገቡ አግዙን። የመጀመሪያው ገንዘብ የሚላከው በዚህ ወር መጨረሻ ነው።