የካንሰር ናሙና ለምርምር ሲወሰድ ታማሚዋ ትጠየቅ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ሐኪም ከካንሰር ታማሚ ላይ ቆርጦ ስለሚያወጣው ዕጢ ነው። ከምርመራ የሚተርፈው ናሙና ለተመራማሪዎች ቢደርስ ደስ ይለኛል። ግን በወጉ ተይዞ፣ ታማሚዋም ተጠይቃ ይሁን።

ጥቅሙን እዚሁ አገራችን አይተነዋል። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው የሆርሞን ሕክምና የማይሠራለት ዓይነት ነው የሚል ግምት ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ ሴቶች ናሙና ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 65 በመቶ ያህሉ የኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው፣ ማለትም የሆርሞን ሕክምና ሊሠራለት የሚችል ካንሰር እንደነበራቸው አሳየ። ለእንዲህ ዓይነቱ ካንሰር ታሞክሲፌን የሚባል ርካሽ ክኒን አለ። የእነዚያ ሴቶች ናሙና ባይኖር ይህን ከየት እናውቀው ነበር? በአርሲና በባሌ የበዛው የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ምክንያቱ የሚገኘው የዚያው አካባቢ ሰዎች ሲጠኑ ነው።

ናሙናው ግን በቀላሉ ይበላሻል። በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን በሚባለው፣ ናሙናው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለበት። ለሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ደግሞ እዚያ ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት ይኖርበታል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ናሙናውን ይዞ ላብራቶሪ ለላብራቶሪ የሚዞረው ዘመድ ነው። የእህቴን ናሙና እኔ ራሴ በፌስታል ይዤ በታክሲ ሄጃለሁ። ፎርማሊኑ ይበቃ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ዕቃው ላይ ሰዓት አልተጻፈበትም። እባካችሁ፣ ዕቃው፣ ፎርማሊኑና ማድረሱ የሆስፒታሉ ሥራ ይሁን። ሰዓት መጻፍማ እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከባዱ መጠየቁ ነው። ካንሰር ሲሆን መጀመሪያ የሚነገረው ለባል ወይም ለልጅ ነው። "እሷ እንዳትሰማ" ይባላል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ግን በሽታዋ ያልተነገራት ሴት "ናሙናሽን ለካንሰር ጥናት ትሰጪያለሽ ወይ?" ተብላ እንዴት ትጠየቃለች? አእምሮዋ እያለ፣ አንደበቷ እያለ ዘመድ ስለ እሷ ሊፈርም አይገባም። ወደ ቀዶ ሕክምና ልትገባ ስትል ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተደርቦ የሚቀርብላት ፊርማም ፈቃድ አይባልም። ቀደም ብሎ፣ ለብቻዋ፣ በምትሰማው ቋንቋ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት ባለሙያ ያስፈልጋል። እምቢ ብትል ሕክምናዋ እንደማይጓደል ይነገራት። ከሰውነቷ የወጣውን ወስዳ መቅበር የምትፈልግም ትኖራለች። ምርመራው ካለቀ በኋላ በጤና ደንቡ መሠረት የሚቻለው ይደረግላት።

ሳይጠይቁ መውሰድ የሚያስከትለውን ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪታ ላክስ ከምትባል ታማሚ የማኅፀን በር ካንሰር ላይ የተወሰደው ሕዋስ ዛሬም በየአገሩ ላብራቶሪ ይራባል። ለሕክምና የዋለው ውለታ ትልቅ ነው። እሷን ግን የጠየቃት አልነበረም። ቤተሰቧ እንኳ የሰማው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በሕዋሱ ከነገደ አንድ ኩባንያ ጋር የነበራቸውን ክስ በስምምነት የጨረሱት ገና እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ቢሰማ ናሙና የሚሰጥ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ የማስተላለፊያ ስምምነት እንደሚፈረም አውቃለሁ። ሕዝቡ ግን አያየውም። ስንት ናሙና ወጣ? የት ደረሰ? ምን ተገኘበት? የተረፈው ተመለሰ ወይስ ተወገደ? የታማሚዎቹን ስም ጠብቃችሁ ይህን በየዓመቱ በይፋ አውጡልን።

መልሳችሁን የምጠብቀው ከነቀኑ ነው። ናሙና በዘመድ እጅ መዞሩ የሚያበቃው መቼ ነው? ለየሆስፒታሉ የሚሆን የፈቃድ ቅጽስ የሚወጣው መቼ ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ታማሚ ወንድም