ጉዳዩ፦ ልጆቻችሁ ስለሚጀምሩት የሜዳ ሆኪ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የሆኪ ክበብ እንደምንከፍት ካሳወቅን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ቢሮዬ ድረስ መጥታችሁ «ለልጅ እንዴት ዱላ ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ስጋታችሁ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ እኔም ገና ስጫወት ያደግሁ ነኝ። መንደር ከመንደር ሲገጥም ሩሯ ስትሳት ቅልጥም ይመታል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና የተመታውም እግሩን እያሻሸ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሆኪም የተነሣው ከእንዲህ ያለ ጨዋታ ነው። በግብፅ፣ ቤኒ ሐሰን፣ ከ4000 ዓመታት ገደማ በፊት በተሣለ የመቃብር ሥዕል ላይ ሁለት ሰዎች ጫፉ የቆለመመ በትር ይዘው ፊት ለፊት ቆመው ይታያሉ። የዛሬው ሆኪ ግን መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ነው። የብላክሂዝ ክለብ ሰዎች በሰፊ ሜዳ ላይ አራት ማዕዘን የጎማ ቁራጭ እየመቱ ይጫወቱ ነበር፤ ጨዋታቸው ጉልበት የበዛበት ነበር። በብርዱ ወራት የሚጫወቱት ነገር የፈለጉ የቴዲንግተን ክሪኬት ተጫዋቾች ናቸው የገሩት። ድቡልቡል ኳስ አመጡ፤ ዱላን ከትከሻ በላይ ማንሣትን ከለከሉ፤ ጎል የሚቆጠረውም በጎሉ ፊት ከተሰመረው ግማሽ ክብ ውስጥ ሲመታ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ከሩቅ በኃይል የተመታ ኳስ ጎል ካልሆነ መቀባበልን መማር ግድ ነው። ይህ የግማሽ ክብ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1886 በለንደን በተቋቋመው የሆኪ ማኅበር ደንብ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

አንድ ቡድን በረኛውን ጨምሮ 11 ተጫዋቾች አሉት። ሜዳው 91.4 ሜትር በ55 ሜትር ነው፤ የእኛ ልጆች ግን በጠባብ ሜዳ ይጀምራሉ። ኳሱን በዱላው ድቡልቡል ጀርባ መምታት አይፈቀድም፤ ከበረኛው በቀር በእግር መንካት አይፈቀድም። ግራኝ ልጅ ያላችሁ ወላጆች አትደናገጡ፤ ለግራኝ የተለየ ዱላ የለም፤ ሁሉም ግራ እጁን ከላይ፣ ቀኝ እጁን ከታች አድርጎ ይይዛል።

እናንተን ይበልጥ የሚያሳስባችሁን ልንገራችሁ። የተጋጣሚን ዱላ መምታት፣ መግፋት፣ ኳስን ቅርብ ወዳለ ተጫዋች አጉኖ መምታት ሁሉም ጥፋት ነው። ዳኛው አረንጓዴ ካርድ ካሳየ ተጫዋቹ ለ2 ደቂቃ ይወጣል፤ ቢጫ ከሆነ ቢያንስ ለ5 ደቂቃ፤ ቀይ ካየ አይመለስም። በልጅነታችን ገና ላይ ያልነበረን ይህ ዳኛ ነው።

ሴት ልጆቻችሁንም እንድትልኩ አጥብቄ እለምናለሁ። የሴቶች ሆኪ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደበት እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ወርቁን የወሰደችው በዚያው ዓመት ነጻነቷን ያገኘችው ዚምባብዌ ናት፤ ቡድኗ የተሰባሰበውም ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር።

ዱላና ኳስ ትምህርት ቤቱ ያቀርባል። የቅልጥምና የጥርስ መከላከያ ግን ከእናንተ ይጠበቃል፤ ያለ እነዚህ አንድም ልጅ ሜዳ አይገባም። መግዛት የሚከብዳችሁ በግል አነጋግሩኝ። የመጀመሪያው ልምምድ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ መጥታችሁ ተመልከቱ። በቤታችሁ የቆየ የገና ዱላ ካለም ልጆቹ ከሆኪው ዱላ ጋር እንዲያስተያዩት ይዛችሁልን ኑ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር