ከሣጥንዎ ጥግ ይስጡኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የደብረ ታቦር ብርድ ሲጠና ጉልበትዎን እንደሚያምዎት ስለማውቅ ሐሳቤ እዚያው ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ቤት ተቀምጠሽ የምትሠሪው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠና በቅጡ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። ጎረቤት ሲጠይቅዎት የሚሉት እንደሚያጡም እማዬ ነግራኛለች። ስለዚህ በደብዳቤ ላስረዳዎት ብዬ ነው። የምለምንዎት ነገርም አለ፤ እሱ በተቆራረጠ ስልክ የሚሆን አይደለም።

ሥራዬ የሰው ዳታ ባክአፕ ማድረግ ነው። ፎቶ ቤቶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢ የሚማሩ የማስተርስ ተማሪዎች ኮምፒውተራቸው ላይ ያለውን ሥራ ቅጂ እኔ ዘንድ ያስቀምጣሉ። ኮምፒውተሩ ሲሰረቅ፣ ሲበላሽ ወይም ቫይረስ ሲገባው ቅጂውን እመልስላቸዋለሁ። ለዚህም በየወሩ ይከፍሉኛል። ኢንተርኔት ያለው በኢንተርኔት ይልካል፤ የመጀመሪያ ቀን ሙሉው ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የተለወጠውን ብቻ እየለየ ስለሚልክ ደካማ መስመርም ይበቃል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ሃርድ ዲስኬን ይዤ በባጃጅ እየዞርኩ እቀዳለሁ።

እርስዎ ይህን ሥራ ከእኔ በፊት ያውቁታል። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በነበሩ ጊዜ ደብዳቤው በካርቦን ተባዝቶ ግልባጩ ለየክፍሉ ይሄድ አልነበር? ዋናው ቢጠፋ ከግልባጩ ይገኛል። የእኔም ያው ነው። የሚለየው፣ ወረቀት ማርጀቱ ይታያል፤ ቢጫ ይሆናል፣ ጠርዙ ይሸራረፋል። ሃርድ ዲስክ ግን ማታ ደህና ሆኖ አምሽቶ ጠዋት አልነሣም ሊል ይችላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ የሆነ ፎቶ ቤት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣና ዲስኩን መታው። ስደርስ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። ውስጡ ያለው አንባቢ ክንድ ቦታውን ፈልጎ እያጣ ሲመለስ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ያንን የሰማ ሰው ቶሎ ከመብራቱ መንቀል እንጂ ደጋግሞ መሞከር የለበትም። ቅጂው እኔ ዘንድ ነበርና ሌሊቱን ሙሉ ስገለብጥ አደርኩ። ሲያልቅ ትክክል መሆኑን ለማየት አንዱን ፎቶ ከፈትኩት። ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ ነው። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ አንድ እጃቸው የሙሽራዋ ራስ ላይ አርፏል፣ በሌላው ጭራቸውን ይዘዋል፣ ከንፈራቸው ምርቃት ላይ እንዳለ ተከፍቷል። ሽማግሌው ከሠርጉ በኋላ ማረፋቸውን፣ ቤተሰቡም ያንን ፎቶ አሳድጎ ሊያሳትም ቀጠሮ መያዙን ባለ ፎቶ ቤቱ ጠዋት ነገረኝ። አባዬ፣ ከዚያ ወዲህ ቢሮ ፈልጌ ልቀጠር የሚለው ሐሳብ ከልቤ ወጥቷል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች የምንሄድበት ደንብ አለ፤ ያስፋፋውም ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነው። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይቀመጥ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ይሁን። ከሦስቱ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው። ሁለት ዲስክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ባክአፕ አለኝ የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ሌባ ሲገባ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጀመር አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ የተደረገው በከንቱ አልነበረም። አገር ሰላም በነበረ ጊዜ ያንን ያሰበ ሰው ይመስገን።

እዚህ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ አለ፣ የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል ስታቢላይዘር አለ፣ ዲስኮቹም ከወለል ከፍ ብለው ነው የተቀመጡት። ቢሆንም ሁሉም ያሉት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ የመብራት መስመር ላይ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 150 አገሮች ገብቶ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ሕመምተኛ እንዲመልሱ አድርጓል። እንዲህ ያለው ቫይረስ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካውን ባክአፕም አብሮ ሊቆልፈው ይችላል። የማይደርስበት ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የተቀመጠውን ዲስክ ነው።

ልመናዬ እዚህ ላይ ነው። ያ የተነቀለው ዲስክ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ አየሩም ከባሕር ዳር ይቀዘቅዛል፤ ለዲስክ ሙቀት አይስማማውም። ከሁሉ በላይ ግን ከእጅዎ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። የእንጨቱ ሣጥንዎ ውስጥ፣ ከልብሱ በታች ሳይሆን ከላይ ጥጉ ላይ ይሁን። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት፣ እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አብሬ እልካለሁ፤ እማዬ ቆሻሻ መስሏት እንዳትጥለው ይንገሯት። ምድጃ አጠገብ አይሁን፣ አይውደቅ። ሌላ ጥበቃ አይፈልግም። በየሦስት ወሩ አዲሱን አምጥቼ አሮጌውን እወስዳለሁ፤ ወስጄም ከየደንበኛው አንድ ፋይል አውጥቼ እከፍተዋለሁ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ ብዬ ለደንበኛ አልናገርም።

የሰው ምስጢር ቤቴ ገባ ብለው እንዳይጨነቁ። ዲስኩ የተመሰጠረ ነው፤ ማንም ቢሰካው ትርጉም የሌለው ነገር ነው የሚያየው። ይለፍ ቃሉ ግን ከጠፋ እኔም አልከፍተውም፤ ስለዚህ በታሸገ ፖስታ ጎንደር እህቴ ዘንድ ይቀመጣል። ዲስኩና ቁልፉ አንድ ቤት እንዳይሆኑ ብዬ ነው፤ እርስዎም ቢሆኑ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር ውል አለኝ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የበለጠ እጠነቀቃለሁ። አንድ ክሊኒክ የሕመምተኞቹን ካርድ እንድይዝለት ቢጠይቀኝም ለጊዜው አልተቀበልኩም፤ የሰው ሕመም ከሠርግ ፎቶ የሚለይ አደራ ነውና አቅሜን ሳላደራጅ አልነካውም።

የሚሰጡኝ ቦታ ኪራይ አለው። «ከልጄ ኪራይ?» ብለው እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። የሚከፍሉት ግን ደንበኞቹ ናቸው፣ በሒሳቤም ውስጥ ተይዟል፤ እምቢ ካሉኝ ሌላ ሰው ዘንድ አስቀምጬ ልከፍል ነው። ለጉልበትዎ መድኃኒት ትሁን።

እሑድ ማታ ስለምደውል ሐሳብዎን ያን ጊዜ ይንገሩኝ። እሺ ካሉኝ ለጥምቀት ስመጣ ዲስኩን ራሴ ይዤ እመጣለሁ፤ የርክክቡን ቅጽም በሁለት ኮፒ አዘጋጅቻለሁ። ቅጹ ላይ የጎደለ ካለ እርስዎ ያርሙልኝ። ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር