የሂሳብ ቁጥር የሚቀይረው ኢሜይል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በኩል ዕቃ የሚያስገቡ ነጋዴዎች ሐሰተኛ ኢሜይል በፊደል ግድፈቱ ይለያል ብለው ማመናቸው ያሳስበናል። ዛሬ አጭበርባሪው ንጹህ ቋንቋ ይጽፋል።

መታየት ያለበት የላኪው አድራሻ ነው። ስልክ ብዙ ጊዜ ስሙን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ስሙን ነክቶ ሙሉውን መክፈት ያስፈልጋል። ከ«አት» (@) ምልክት በኋላ ያለው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይነበብ፤ መጨረሻው የድርጅቱ ካልሆነ፣ ከፊቱ የባንክ ስም መኖሩ ምንም አያረጋግጥም። አር እና ኤን የተባሉት የላቲን ፊደላት ሲጠጋጉ ኤም እንደሚመስሉም ልብ ይባል።

የከፋው ግን ከእውነተኛው አቅራቢ የኢሜይል ሳጥን የሚላከው ነው። የአቅራቢው የይለፍ ቃል ከተሰረቀ አድራሻውም፣ ፕሮፎርማውም (የዋጋ ማቅረቢያ ሰነዱም)፣ የቀድሞ ደብዳቤዎቹም ትክክል ናቸው፤ የተለወጠው የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ዓይን አይበቃም። በኢሜይሉ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ሳይሆን በቀድሞው ውል ላይ ወዳለው ደውሎ፣ የሂሳብ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስነብቦ ማረጋገጥ ግድ ነው። ገንዘቡ ከሄደ ደግሞ ሳያድሩ ለባንኩ ማሳወቅ፤ ሌላ ሂሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ ማስመለስ እጅግ ይከብዳል።

የይለፍ ቃሉን በሐሰተኛ ገጽ ያስገባ ሰው ወዲያው ይቀይረው፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ ይክፈት። ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፦ ሌባው መልእክቶችን ወደ ራሱ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ በሴቲንግ ውስጥ ትቶ ሊሆን ይችላል። እሱ ካልተሰረዘ የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ በኋላም ደብዳቤው ይነበባል።

የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያዎች፣ ከኮምቦልቻ