ስለ ብሪክስ ስናወራ ግራውንዱን አንርሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቻይና በአዲሱ የዓለም አሰላለፍ ስላላት ቦታ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ብሪክስ፣ ብድርና ዶላር ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. ብሪክስን መቀላቀሏ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከኮዬ ፈጬ እስከ ለገጣፎ ባሉ የዳር ሰፈሮች ግን የበለጠ የተሰማው በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ የቻይና ስታንዳርድም አብሮ ግቢያችን ገባ።

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የሚሞላው ጂቢ/ቲ በሚባል መሰኪያ ነው። የኤሲው (በቤት መብራት ቀስ ብሎ የሚሞላበት) መሰኪያ የአውሮፓውን ታይፕ 2 ይመስላል፤ ወንዴና ሴቴው ስለተገላበጠ ግን አይገጥምም። ለዚህ አዳፕተር ይበቃል። በዲሲው ፈጣን ቻርጅ ግን ጂቢ/ቲ ከመኪናው ጋር የሚግባባበት መንገድ ከአውሮፓው የፈጣን ቻርጅ ስታንዳርድ፣ ከሲሲኤስ 2፣ ፈጽሞ ስለሚለይ፣ ቅርጹን ብቻ የሚያስተካክል አዳፕተር ዋጋ የለውም። ቻርጀር ሊተክል ያሰበ ባለ ማደያ ከማዘዙ በፊት የጂቢ/ቲ ገመድ እንዳለው ያረጋግጥ።

የቻይናም መብራት እንደኛው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መሆኑ በጅቶናል። የሚያሳስበን ግራውንዱ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር ነው። ቻርጀሩ ግራውንድ ካጣ ቀይ አብርቶ እምቢ ይላል። ይህን ጊዜ አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከግራውንዱ ጋር በቁራጭ ሽቦ ያገናኘዋል። ቻርጀሩ ተታሎ ይሠራል። ከፖል የሚመጣው ኒውትራል የተበጠሰ ዕለት ግን የመኪናው ቆርቆሮ 220 ቮልት ሊይዝ ይችላል፤ ቀድሞ የሚነካው ደግሞ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ልጅ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ፣ እንዲህ የሚሠራ ሰው ቤታችሁ አታስገቡ!

ለ32 አምፔር፣ ማለትም ለ7 ኪሎዋት ቻርጀር፣ ከማከፋፈያው ለብቻው የተዘረጋ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 40 አምፔር ብሬከር፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚያቋርጥ መሣሪያ)፣ እንዲሁም ተቀብሮ በመሣሪያ የተለካ የግራውንድ ሮድ ያስፈልጋል። ቆጣሪው ይህን ካልቻለ ቻርጀሩን 10 አምፔር ላይ ማድረግ ነው። ያኔ የሚገባው 2.2 ኪሎዋት ስለሆነ 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአንድ ሌሊት አይሞላም፤ ለከተማ መመላለሻ ግን አያንስም።

ስታንዳርድ ያወጣ አገር ገበያውንም እንደሚይዝ ቻይና ቀድማ ገብቷታል። ገዢ ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው። አስመጪዎች የቻርጀሩን የተከላ መመሪያ በአማርኛና በኦሮምኛ አዘጋጅተው ከመኪናው ጋር እንዲያስረክቡ ይገደዱ።

በገላን አካባቢ የምንሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች