ስለ ፕራይቬት ዲኤንኤስ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

እንዴት ሰነበታችሁ? የምንጽፍላችሁ ደሴ ፒያሳ ካለችው የሞባይል ጥገና ሱቃችን ነው። ሰሞኑን የብዙዎቻችሁን ስልክ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» ላይ አድርገን ነበር። ስንሠራው ግን ምን እንደሆነ አላስረዳናችሁም። ዛሬ ዕዳችንን እንክፈል።

መጀመሪያ ጥፋታችን ይነገር። አንዲት እናታችን ከሐይቅ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ሞተብኝ» አሉ። ጅዳ ካለችው ልጃቸው ጋር የሚገናኙት በኢሞ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ አላገኟትም። ፓኬጁ ያለቀ መስሏቸው ሁለቴ ገዝተዋል። ግዢው በኮከብ 999 መሰላል ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ብሩን ቁርጥ አድርጎ ይወስዳል። «አብሽሩ እማማ» ብለን ስልኩን ተቀበልናቸው። ዳታው በርቷል፣ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ የሚከፍት ነገር ግን የለም። ሴቲንግ ውስጥ ስንገባ ለፕራይቬት ዲኤንኤሱ ከተጻፈው ጉግል ከሚለው ስም አንዷ «ኦ» ጎድላለች። የጻፍነው እኛ፣ ሳንሞክር የሸኘናቸውም እኛ። ፊደሏን ጨመርን፣ የፓኬጁንም ከፈልን። «ለአንዲት ኦ ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣችሁኝ?» አሉን። ምን እንመልስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ድረ ገጽን የሚያገኘው በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። ስሙን ስትጽፉ «የዚህ ስም ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ አንድ ሰርቨር፣ ማለትም መልስ የሚሰጥ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ይጠይቃል። ይህ አሠራር ዲኤንኤስ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1983 የተጀመረ ነው። ደሴ ላይ የሰው ቤት ስንፈልግ የቤት ቁጥር ማን ያነሳል? ሱቅ በረንዳ ላይ ለተቀመጠው ሰው «የእገሌ ቤት በየት በኩል ነው?» እንላለን፣ ጮክ ብለን። ያሳየናል። ግን እዚያ የቆመው ሁሉ ወዴት እንደምንሄድ ሰማ። ተንኮለኛ ካለበትም መሀል ገብቶ ሌላ ቤት ይጠቁመናል። ተራው ዲኤንኤስ እንዲሁ በግልጽ ይሄዳል። የካፌውን ዋይፋይ የሚቆጣጠር ሰው ማየት ይችላል። ፕራይቬቱ ግን ጆሮ ላይ ማንሾካሾክ ነው፤ ጥያቄው ተመስጥሮ ይሄዳል።

ያንሾካሾካችሁለት ሰው ግን ሰምቷል! ሰውየው ሰርቨሩን የያዘው ድርጅት ነው፤ ስለዚህ የምታምኑትን ምረጡ። እኛ የምንጠቀመው የጉግልን ወይም ክላውድፍሌር የሚባለውን ድርጅት ነው። ኳድ ናይን የሚባለው ደግሞ አጭበርባሪ መሆናቸው የታወቀ ገጾችን አድራሻ አይነግርም። ለልጆችና ለትልልቅ ሰዎች ስልክ እሱን እንመርጣለን።

አሞላሉ ቀላል ነው። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አለው። ቦታው ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ ሴቲንግ ከፍታችሁ በመፈለጊያው ዲኤንኤስ ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ። ሦስት ምርጫ ይመጣል። «ኦፍ» ያጠፋዋል። «አውቶማቲክ» ከተቻለ ይመሰጥራል፣ ካልተቻለ በግልጽ ይጠይቃል። ሦስተኛው ስም የሚጻፍበት ነው፤ እሱ ይሉኝታ የለውም። የጻፋችሁትን ሰርቨር ካላገኘ ሌላ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔቱ ቀጥ ይላል። እናታችንን የገጠማቸው ይኸው ነው።

የጉግል ከሆነ ዲ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ነጥብ፣ ከዚያ ጂ፣ ኦ፣ ኦ፣ ጂ፣ ኤል፣ ኢ። ሁለት ኦ! የክላውድፍሌር ደግሞ ኦ፣ ኤን፣ ኢ የሚለው ቃል አራት ጊዜ፣ በየመሀሉ ነጥብ። ባዶ ቦታ አትተዉ። አንዳንዶቻችሁ የሰማችሁትን የጉግል ዲኤንኤስ ቁጥር 8.8.8.8 ትጽፋላችሁ። እዚህ ቦታ ቁጥር አይሠራም፣ ስም ብቻ ነው የሚቀበለው።

ኮምቦልቻ ሆቴል አርፋችሁ ዋይፋዩ የይለፍ ቃል መጠየቂያ ገጹን አላሳይ ካለ፣ ለጊዜው «ኦፍ» አድርጉትና ግቡ። ከገባችሁ በኋላ መልሱት። ከተማችን ውስጥ ይህንኑ «የኢንተርኔት ማፍጠኛ» እያሉ በገንዘብ የሚሞሉ አሉ ተብሏል። አትስጡ። ፓኬጅ አይቆጥብም፣ የደከመ ኔትወርክ አያበረታም። መንገዳችሁን ሁሉ የሚሸፍነው ቪፒኤንም አይደለም፤ የተደበቀው ጥያቄው እንጂ መንገዳችሁ አይደለም። ኢንተርኔት የሚያቀርብላችሁ ድርጅት የት እንደገባችሁ በሌላ መንገድ ማወቅ ይችላል። ማስታወቂያ የሚያግድ ዲኤንኤስም አለ፣ ከጠየቃችሁን እንሞላለን። የዩቲዩብን ማስታወቂያ ግን አያስቀርም፤ በኋላ እንዳትቀየሙን።

አይፎን የያዛችሁ፣ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ይቻላል፣ ግን በመተግበሪያ ወይም በፕሮፋይል፣ ማለትም የስልኩን ሴቲንግ በሚቀይር ፋይል ነው። ቴሌግራም ላይ የተላከላችሁን ፕሮፋይል ዝም ብላችሁ አትጫኑ፤ ይዛችሁልን ኑ።

ከዚህ በፊት የሞላንላችሁም ሁላችሁ በገበያ ቀን ብቅ ስትሉ ስልኩን አሳዩን። በነጻ ነው። ዓይናችሁ እያየ ኢሞ ከፍተን፣ ጅዳም ይሁን ሪያድ ደውላችሁ፣ ከተሰማ በኋላ ነው የምንመልስላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ልጆች፣ ደሴ